ያልላካቸው ሽማግሌዎች

ጅጅጋ ስገባ የያዝኩት አንድ ሻንጣ፣ አንድ ፍራሽና የስድስት ወር የሙከራ ቅጥር ደብዳቤ ነበር። ኮሮናው ጋብ ብሎ ሰው ማስኩን አገጩ ላይ ማንጠልጠል የጀመረበት ጊዜ ነው። ናዝሬት እያለሁ ከሁለት ታላላቅ ወንድሞቼ፣ ከሚስቶቻቸውና ከልጆቻቸው ጋር ስጋፋ ሳሎን ውስጥ ነበር የምተኛው። በሃያ ስድስት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ ቁልፍ የሚከፈት በር አገኘሁ። ክፍሏ ሦስት በሦስት ብትሆን ነው። ነፋሱ ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ ይውላል፤ አቧራው በበሩ ሥር ሾልኮ ሳህኔ ላይ ይቀመጣል። የኔ ደስታ ግን ልክ አልነበረውም። ከሥራ ስመለስ በሩን ከፍቼ መልሼ እዘጋውና፣ ማንም ስለማያየኝ፣ ትንሽ እጨፍር ነበር። እብደት በሉት።

የተቀጠርኩት ከድንበሯ ከተማ ከቶጎጫሌ የሚገባውን የነጋዴ ዕቃ ጉምሩክ የሚያስጨርስ አንድ የግል ትራንዚት ድርጅት ቅርንጫፍ ውስጥ ነው። ሥራዬ ቅጽ መሙላት ነው። ሩዙን፣ ፓስታውን፣ ጄኔሬተሩን፣ የሕፃን ዳይፐሩን በየዓይነቱ፣ በየክብደቱ፣ በየታሪፍ ቁጥሩ መጻፍ። ሌላው ሰው ይሰለቸዋል፤ እኔ ግን ወደድኩት። አንድ ሙሉ ከባድ መኪና በእኔ እጅ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ደስ ይለኛል። ስድስት ወሩ ሲያልቅ ሥራ አስኪያጁ የግምገማ ቅጽ ይሞላል። ከፈረመ ቋሚ ሠራተኛ እሆናለሁ፤ ካልፈረመ ሻንጣዬንና ፍራሼን ይዤ ወደ ናዝሬት ሳሎን። የኔ ነገር በሙሉ እዚያች ፊርማ ላይ ነበር፤ ይህን ደግሞ እሱ ከእኔ ይበልጥ አሳምሮ ያውቀው ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ከአዲስ አበባ የተመደበ፣ ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ ሚስቱንና ልጆቹን እዚያው ትቶ የመጣ፣ ሽቶ የማይቆጥብ ሰው ነው። ሰው ፊት እንደሱ ጨዋ የለም። ለደንበኛ ከወንበሩ ይነሳል፣ ለሽማግሌ በሩን ይከፍታል። የመጀመሪያውን ወር እኔም «እንዴት ያለ ደግ አለቃ ሰጠኝ» ብዬ ለእናቴ በስልክ አወራሁላት። አፌን በቆረጠው።

በሁለተኛው ወር ስሜ ቀረና «ቆንጅዬ» ሆንኩ። መጀመሪያ እጁ የወንበሬ መደገፊያ ላይ ነበር፤ ቀጥሎ ትከሻዬ ላይ ሆነ። ጅጅጋ ከቀትር በኋላ ወንዱ ወደየጫት በርጫው ስለሚበታተን ቢሮው ጭር ይላል። ያችን ሰዓት ጠብቆ ነው የሚጠራኝ። «በሩን ዝጊው፣ አቧራ ይገባል» ይለኛል። ለአቧራ እንዲህ የሚጨነቅ ሰው አይቼ አላውቅም። ወደ ቶጎጫሌ ስንወርድም ሌሎቹ ሠራተኞች በሚኒባስ ይሄዳሉ፣ እኔ ግን በእሱ ፒክአፕ ጋቢና እንድገባ ይታዘዛል። መንገዱን ሙሉ ሚስቱ እንደማትረዳው ይነግረኛል። እኔም መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ነፋሱ ጆሮዬን እንዲደፍነው እለምናለሁ።

ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም፤ ዝም ማለት አልፈጠረብኝም። መጀመሪያ «ጋሼ» ማለት ጀመርኩ፤ በአንድ ትንፋሽ ሦስት ጊዜ። «ጋሼ፣ ይቺን ይፈርሙልኛል ጋሼ? እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።»

«ጋሼ አትበይኝ፤ ያን ያህል አርጅቻለሁ እንዴ?» አለኝ።

«ኧረ አባቴም በእርስዎ ዕድሜ ነው» አልኩት።

አንድ ሳምንት ፊቱን ቋጠረብኝ። ያች ሳምንት ጅጅጋ ከገባሁ ያረፍኩባት ሳምንት ነበረች።

ቀጥሎ ቶጎጫሌ ገበያ ላይ ቢጫ ቀለበት ገዛሁና «እጮኛ አለኝ» አልኩ። በሦስተኛው ቀን ጣቴ አረንጓዴ ሆነ። «እጮኛሽ ወርቁን ከየት ነው ያስመጣው?» ብሎ ሳቀብኝ፤ እኔም አብሬው ሳቅሁ። ያን ጊዜ መሳቄ ዛሬም ያናድደኛል። ሰው ሲፈራ ጥርሱን ያሳያል፤ ያኔ ይህን አላውቅም ነበር።

አምስት ወር ካለፈኝ በኋላ ቀልዱ አለቀ። አንድ ማክሰኞ ጠራኝና «ቅጽሽ እኔ ጋ ነው» አለ። «ቅዳሜ ድሬዳዋ እሄዳለሁ። አብረሽኝ ትሄጂና እዚያው ተነጋግረን እንጨርሰዋለን።» ዘመድ ሊመጣብኝ ነው ብዬ ወረቀቶቼን ሰብስቤ ወጣሁ። «አስቢበት» አለኝ ከኋላዬ፣ በጣም ለስለስ ባለ ድምፅ።

በሩ ፊት ለፊት የምትቀመጠው ጸሐፊያችን ቀና ብላ አየችኝ። የጅጅጋ ልጅ ናት፤ ሶማሊኛውንም አማርኛውንም እኩል የምትናገር፣ ከእኔ አሥር ዓመት የምትበልጥ የሦስት ልጆች እናት። ቃል አይወጣትም። ከእሱ ቢሮ በወጣሁ ቁጥር አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድታ ጠረጴዛዬ ላይ ታስቀምጥልኛለች፣ በቃ። እኔ ደግሞ በሆዴ እቀየማት ነበር። አገሯ ነው፣ ዘመድ ወገኗ እዚህ ነው፣ እሷን ማን ይነካታል፤ ምናለ አንድ ቃል ብትተነፍስልኝ እላለሁ። የዚያን ቀንም ውሃውን አስቀመጠች። ሳልጠጣው ወደ ውጭ ወጣሁ።

ግቢው በር ላይ ሻይ የምትሸጥ ሴት አለች። ሰፈሩ በሙሉ «ኤዶ» ነው የሚላት፤ አክስቴ እንደማለት ነው። እኔም ገና በመጀመሪያው ሳምንት ኤዶ አልኳት። ቢሮው ጭር ሲል ቅጾቼን ታቅፌ የምሸሸው ወደ እሷ በርጩማ ነው። የግመል ወተት የገባበት፣ ስኳሩ ከንፈር የሚያጣብቅ ሻይ ትሰጠኝና ሶማሊኛ ታስተምረኛለች፤ ስሳሳት ጭኗን እየመታች ትስቃለች። ከጎኗ የግቢያችን ዘበኛ ይቀመጣሉ። እሳቸውም ሶማሌ ናቸው። በወጣትነታቸው ወታደር ሆነው ከጎንደር እስከ ሞያሌ ያልረገጡት የለም፤ አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል። እኔን «ልጄ» ብለው ነው የሚጠሩኝ።

ኤዶ ፊቴን አይታ «ምን ሆነሻል?» አለች። ነገርኳት። ግማሹን በእኔ ስብርባሪ ሶማሊኛ፣ ግማሹን በእሷ ስብርባሪ አማርኛ፤ የጎደለውን ዘበኛው እየሞሉ።

«ሊያገባሽ ነው?» አለች።

«ሚስት አለው።»

«ሁለተኛ ሊያደርግሽ ነው?»

«ኤዶ፣ እሱም እኔም ክርስቲያን ነን። እኛ ዘንድ ሁለተኛ የለም።»

«ታዲያ ምን ፈልጎ ነው?»

አንገቴን ደፋሁ። ኤዶ ጉድ ሳትል፣ ሳትሳደብ፣ ቀስ ብላ ብርጭቆዋን አለቀለቀች። ከዚያ «ሽማግሌ ልኳል?» አለችኝ።

«የምን ሽማግሌ ነው ኤዶ?»

ወደ ዘበኛው ዞራ በሶማሊኛ ፈጠን ፈጠን እያለች አንድ ነገር ተናገረች። እሳቸው ሳቃቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ለእኔ የነገረኝ የለም። «ሻይሽን ጠጪ» ብቻ ነው የተባልኩት።

ሐሙስ ጠዋት፣ ቢሮው በደንበኛ ሞልቶ፣ እኔ የአንድ ነጋዴን ሩዝ እየመዘገብኩ ሳለ በሩ ተከፈተ። ከፊት ኤዶ፣ እንደ ሠርግ ቀን የሚያብረቀርቅ ድሪያ ቀሚስ ለብሳ፣ በአንድ እጇ ትልቅ ቴርሞስ ይዛ። ከኋላዋ ሦስት ሽማግሌዎች፣ ንጹሕ ሽርጥ ታጥቀው፣ ኮፍያ አድርገው፣ ከዘራ ይዘው። ሁለቱ ሁልጊዜ ከግቢው ፊት ለፊት ካለው ዛፍ ሥር የሚጫወቱት ናቸው። ሦስተኛውን ለማወቅ ጊዜ ፈጀብኝ። ዘበኛችን ናቸው። የግቢው በር ያለ ጠባቂ ወለል ብሎ ተከፍቷል ማለት ነው።

ሥራ አስኪያጁ የመኪና ባለቤቶች መሰሉት መሰለኝ፤ ከወንበሩ ተነስቶ እስከ በሩ መጣ። ወንበር አስመጣ፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ» አለ፣ ዕቃው ድንበር ላይ ደርሶ እንደሆነ ጠየቀ። ሽማግሌዎቹ እሱ ቢሮ ገብተው ተቀመጡ። ኤዶ ግን ወንበሯን በሩ መሃል ላይ አድርጋ ተቀመጠችበት። «ይዘጋ እንጂ፣ አቧራ ይገባል» አለ። ኤዶ አልሰማችም፤ ወይ ደግሞ አማርኛ ጠፋባት። በሩ እንደተከፈተ ቀረ። የእኔ ጠረጴዛ ከበሩ ሦስት እርምጃ ነው፤ ደንበኞቹ ደግሞ አጠገቤ ናቸው። ሁላችንም እናያለን፣ ሁላችንም እንሰማለን።

ዘበኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉና በሶማሊኛ ጀመሩ። ያ ሁሉ አማርኛ እያላቸው። ሥራ አስኪያጁ ግራ ገብቶት ጸሐፊዋን ጠራትና እንድትተረጉም አዘዛት። እሷም እጆቿን አጣምራ ከጠረጴዛው ጎን ቆመች።

«ሽማግሌው እንዲህ ይላሉ» አለች፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ፣ በዚያች ቀጭን ድምጿ። «ያቺ ልጅ እዚህ ከተማ አባትም ወንድምም የላትም። ከእኛ ሻይ ትጠጣለች፤ ስለዚህ ልጃችን ናት። አንተ እንደፈለግካት ሰምተናል። መፈለግ ነውር አይደለም። ግን ወራት ጠበቅን፣ ሽማግሌ የላከ የለም። ሰውየው እንግዳ ነው፣ አማላጅ የሚሆነው ሰው አጥቶ ይሆናል አልን። እንዳትቸገር ብለን እኛው መጣን።»

እኔ በዚህ ጊዜ ጠረጴዛው ሥር ልገባ ምንም አልቀረኝም። በሁሉም አገር ሽማግሌ የሚልከው ወንዱ ነው፤ የልጅቷ ወገን ሄዶ ወንዱን ስለ ጥሎሽ ሲጠይቅ ማን አይቶ ያውቃል? ሩዝ የሚያስመዘግበው ነጋዴ እስክርቢቶዬን ቀስ ብሎ ከእጄ ወስዶ አስቀመጠልኝ። ለካ ወረቀቱን እየቀደድኩት ነበር።

«አባቶችህ ናቸው የሚነጋገሩልህ ወይስ ወንድሞችህ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ? ስንት ግመል አስበሃል? የልጆችህ እናትስ ታውቃለች? ካልነገርካት እኛ እንደውልላት፤ እኛ ዘንድ ተደብቆ የሚገባ ሙሽራ የለም» እያለች ጸሐፊዋ ቀጠለች። ደንበኞቹ መካከል ሳቅ ተነሳ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ግን እንደ ዳኛ ኮስተር ብለው ከዘራቸውን ተደግፈዋል።

የሥራ አስኪያጁ ላብ ጠብ ጠብ ይላል። «ስህተት ነው። በይ ንገሪያቸው፣ እኔ ምንም አልፈለግኩም። ሠራተኛዬ ናት፣ እንደ ልጄ ነው የማያት።»

ጸሐፊዋ ወደ ሶማሊኛ መለሰችው። ዘበኛው አሰብ አደረጉና አንድ አጭር ነገር ተናገሩ፤ አራት ቃል ቢሆን ነው።

ጸሐፊዋ ያጣመረቻቸውን እጆቿን ፈታች። ከዚያ ቀና አለች። በእሱ ፊት ቀና ስትል ያየኋት ያን ቀን ነው።

«ሽማግሌው እንዲህ ይላሉ። ካልፈለግክ ታዲያ በሩን ለምን ትዘጋለህ? ደብዳቤ ስታስጽፍ እጅህ አንገት ላይ ምን ይሠራል? ኮምፒውተሩ ላይ ጎንበስ ብለህ የምታነበው ምኑን ነው? በዓል ዋዜማ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲሄድ ‹አንድ ደብዳቤ ቀርቷል› ብለህ የምታስቀረው፣ ልጆቿ እየጠበቋት፣ ምን ቀርቶ ነው? የዓመት ፈቃድ ስትጠይቅህ ‹በመጀመሪያ አንቺ ለእኔ ፈቃድ ስጪኝ› ብለህ የሳቅከው ማንን ለማሳቅ ነው? ሦስት ዓመት ሙሉ ይላሉ ሽማግሌው። ሦስት ዓመት።»

እኔ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። እኔ ቅጽ ነው የምሞላው። እዚያ ቢሮ ከመጣሁ ደግሞ ገና አምስት ወር ቢያልፈኝ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ጠረጴዛዬ ላይ ስታስቀምጥልኝ የነበረው ውሃ ምን እንደነበር ያኔ ገባኝ፤ በሆዴ ስቀየማት መክረሜም አንገበገበኝ። እንባዬ መጣ፤ ደስታም ነበረበት፣ ንዴትም ነበረበት፣ ለይቼ መናገር አልችልም።

ሥራ አስኪያጁ ወደ ዘበኛው ዞረ። አራት ቃል ይህን ያህል እንደማይሆን ማንም ያውቃል። ዘበኛው ግን ጢማቸውን እየዳሰሱ፣ ጸሐፊዋ አንድ ነገር በተናገረች ቁጥር አንገታቸውን ሲነቀንቁ ቆይተው ነበር። አሁንም በሶማሊኛ «ልክ ነው» አሉ። እሷን እንኳ እኔም አውቃታለሁ።

«ይቅርታ… ሁለተኛ አይደገምም» አለ ሥራ አስኪያጁ ወደ ወለሉ እያየ።

«ጮክ ይበሉ፤ ኤዶ አልሰማችም» አለች ጸሐፊዋ። ጮክ አለ።

ኤዶ ያኔ ተነሳች። «እንግዲህ ዝምድናው አልሆነም» አለች በአማርኛ፣ ከልቧ ያዘነች መስላ፤ ከዚያ ቴርሞሷን ከፍታ ለሁሉም ሻይ ቀዳች። ለእሱም ቀዳችለት። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ ለቢሮው፣ ለደንበኛው፣ ለዝናቡ። ቤቱ በሙሉ አሚን ሲል ሥራ አስኪያጁም እጁን ዘርግቶ አሚን አለ። የሩዙ ነጋዴ ከሳቅ ብዛት ሻይ አነቀው።

ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ዘበኛውን አገኘኋቸው፤ የደንብ ልብሳቸውን መልሰው ለብሰዋል። «አባባ፣ በአማርኛ ለምን አልተናገሩም?» አልኳቸው።

«በአማርኛ ብናገር ያንቺን ብቻ ነበር የምናገረው» አሉ። «እሷ በራሷ ስም ብትናገር ወሬው ወንድሞቿ ጋ ይደርሳል፤ እነሱ ጠብ ያነሳሉ፣ እሷም ሥራዋን ትታ ቤት ትቀመጣለች። በእኔ አፍ ሲሆን ግን የሽማግሌ ንግግር ነው።»

«ያውቁ ነበር ማለት ነው?»

«እኔ በር ላይ ነው የምቀመጠው ልጄ። ሦስት ዓመት ስትገባና ስትወጣ ፊቷን አያለሁ።» ቀጥለውም «ቀድሜ መግባት ነበረብኝ» አሉ። ይህን ሲሉ ግን ወደ እኔ አላዩም።

እነሱ ቢስቁም የእኔ ፍርሃት አልወጣልኝም። ስድስተኛው ወር ሊያልቅ የቀረው ሁለት ሳምንት ነው፣ ቅጹም ያው እሱ ጋ ነው። ሰው ፊት የተዋረደ አለቃ ይፈርማል ብዬ እንዴት ልመን? ሻንጣዬን ከጥጉ አውጥቼ አራገፍኩት። ለእናቴ ደውዬ «ምናልባት ልመጣ እችላለሁ» አልኳት።

ቅዳሜ ስለ ድሬዳዋ ትንፍሽ ሳይባል አለፈ። ሰኞ ጠዋት ጸሐፊዋ የሚፈረሙ ደብዳቤዎች ይዛ ገባች። በሩን አልዘጋችም። ቆማ አንድ በአንድ ስታስፈርመው አየሁ። መጨረሻ ላይ አንድ ወረቀት ከመሳቢያው እንዲያወጣ ጠየቀችው። አመነታ። «ሽማግሌዎቹ ውጭ ሻይ እየጠጡ ነው፤ ልጃችን እንዴት ሆነች እያሉ ይጠይቁኛል» አለችው፣ በዚያችው በቀጭን ድምጿ። ቅጹን ይዛልኝ ወጣች። በሁሉም ረድፍ «በጣም ጥሩ» ተሞልቷል፤ ታች ፊርማው አለ። አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ ሳምኳት፤ እሷም በሳቅ ፈነዳች። ያ ቀጭን ድምፅ እንዲያ ያለ ወፍራም ሳቅ እንዳለው ማን ያውቅ ነበር?

ሳቋ ሲበርድ ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና ኮምፒውተሯን ወደ እኔ አዞረችው። ስክሪኑ ላይ አዲስ አበባ ላለው ዋናው መሥሪያ ቤት የተጻፈ ደብዳቤ አለ። ሐሙስ ያለችው ሁሉ አለበት፤ አሁን ግን «ሽማግሌው እንዲህ ይላሉ» አይልም። «እኔ» ይላል። ዓርብ ጽፋው ነው የእኔ ቅጽ እስኪፈረም የጠበቀችው።

«ካንቺ ቅጽ ቀድሜ ብልከው በንዴት አንቺን ነበር የሚያባርርሽ» አለችኝ። «አሁን ቋሚ ነሽ። ስሜን አታስገቢ ብትዪ አልቀየምሽም፤ ወላሂ። እኔን ካባረሩኝ ሌላ ቦታ ጽሕፈት አላጣም።»

እውነቱን ለመናገር አመነታሁ። ቋሚ ሠራተኛ ከሆንኩ ሃያ ደቂቃ አልሞላኝም። ደብዳቤው ምን እንደሚያመጣ ማንኛችንም አናውቅም ነበር። ሰውየው በሁለት ወር ውስጥ ከቅርንጫፉ እንደሚነሳ፣ እኔም ይኸው እስከ ዛሬ ድረስ ጅጅጋ ተቀምጬ ሩዝና ፓስታ እንደምመዘግብ ያን ቀን የነገረን የለም። ያን ቀን እጄ ላይ ያለው የተፈረመ ቅጽ ብቻ ነው። ፊት ለፊቴ ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ ውሃ ቀድቶ የሚሰጣት ያላገኘች ሴት አለች።

«የእኔን ከየትኛው አንቀጽ በታች ትጽፊዋለሽ?» አልኳት።

ወንበሯን ጠጋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችልኝና እኔ እየነገርኳት ጻፈች። ድሬዳዋን፣ ጋቢናውን፣ አረንጓዴውን ጣቴን ሳይቀር። ስታትመው ሁለት ገጽ ሆነ። መጀመሪያ እሷ ፈረመች። ቀጥዬ ከሥሯ እኔ ፈረምኩ።